ገደል ለሚፈራ ሰው የሚሆን ሹፌር፦ የቁልቢ ጉዟችን

ሦስት ሹፌሮች ጋ ደወልኩ። ሦስቱንም የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ነው። «ገደል በጣም እፈራለሁ። ቁልቢ ስትወስደኝ ምን ታደርግልኛለህ?»

አንደኛው ሳቀ። «እህቴ፣ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፣ ምንም አትሆኚም» አለኝ። ሁለተኛው «ዓይንሽን ጨፍነሽ መተኛት ነው» አለ። ሦስተኛው ትንሽ ዝም አለና «ገደሉ በየት በኩል ሲሆን ነው የሚብስብሽ? በቀኝ ነው በግራ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እዚያው ቀብድ ላክሁለት።

ይህን የምጽፈው ስለ እሱ አገልግሎት ነው። ከአዲስ አበባ ቁልቢ ገብርኤል፣ ከዚያ ድሬዳዋ፣ ከዚያ መልስ። ከታህሳስ 17 እስከ 22፣ ስድስት ቀን። መኪናው ኮሮላ ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፣ የግል ሰው ነው። ግን የሠራውን ሥራ በዝርዝር እነግራችኋለሁ። እናንተም ሹፌር ስትፈልጉ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ስለ ፍርሃቴ ትንሽ ልበል። ፎቅ አልፈራም። አውሮፕላንም አልፈራም። የምፈራው መኪና ውስጥ ተቀምጬ ጎኔ ላይ መሬቱ ሲያልቅ ነው። እጄን ያልበኛል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል። የጀመረኝ በ2009 ዓ.ም. አባይ በረሃ ላይ ነው። ለለቅሶ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ከጎሐ ጽዮን ወደ ታች በፍሪ፣ ማለትም ማርሹ ወጥቶ፣ ወረደ። ነዳጅ ለመቆጠብ ነው። ከጎሐ ጽዮን ደጀን አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ ድልድዩ ቁልቁለት፣ ከድልድዩ ወዲያ አቀበት። ድልድዩ ጋ ሳንደርስ የተቃጠለ ፍሬን ሸተተን። ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመና ረዳቱ ጎማው ላይ ውሃ አፈሰሰ። ጢሱ በመስኮት ገባ። እኔ በቀኝ መስኮት በኩል ነበርኩ። ከበሩ ስር የሚታየኝ አየር ብቻ ነበር። ማንም ምንም አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃንን አልፌ ወደ ጣርማ በር ገደል ሄጄ አላውቅም። ሰርግ ቀርቶብኛል። ሁለት ለቅሶ ቀርቶብኛል፤ ይሄ ዛሬም ይቆጨኛል።

ዘንድሮ ግን ስለት መጣ። እህቴ ከስንት ዓመት በኋላ ወለደች። እማዬ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስላ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ብቻዋን አትሄድም። እህቴ አራስ ናት። የቀረሁት እኔ ነኝ።

በመጀመሪያ ያሰብኩት ባቡር ነው። የድሮው ባቡርም የአሁኑም ሐዲድ የሚሄደው በቆላው ነው፤ የጨርጨርን ተራራ አይወጣም። ድሬዳዋ የምትባል ከተማ የተፈጠረችውም በዚህ ምክንያት ነው። ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር። ተራራው ከበዳቸውና እግሩ ስር አዲስ ከተማ ቆረቆሩ። ይህን ሳነብ ልቤ ትንሽ አረፈ። መሐንዲሶቹም ያንን ዳገት አይተው ሌላ መንገድ ፈልገዋል ማለት ነው። ነገር ግን ባቡር ድሬዳዋ ቢያደርሰኝም ቁልቢ ያለው ላይ ነው። ከድሬዳዋ በደንገጎ በኩል ሽቅብ መውጣት አለ። ያ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ቁራጭ ነው። በዚያ ላይ በንግሥ ሰሞን ቲኬት ማግኘት፣ ከጣቢያ ሌላ መኪና መያዝ፣ እማዬን ይዤ መንገላታት አለ። ተውኩት።

ሹፌሩ ጉዞውን ያቀደው በስልክ ነው፣ ከመነሳታችን ሁለት ሳምንት ቀድሞ። ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ ጻፍኩ። መጀመሪያ የነገረኝ የመቀመጫ ነገር ነው። «ከእኔ ኋላ፣ በግራ በኩል ተቀመጪ» አለኝ። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ እስከ ዛሬ ማንም አለማስረዳቱ ገረመኝ። እኛ አገር የሚነዳው በቀኝ ነው። ገደሉ በግራ ሲመጣ በእኔና በገደሉ መሃል ከፊት ለሚመጣው መኪና የተተወ አንድ ሙሉ መስመር አለ። ገደሉ በቀኝ ሲመጣ ደግሞ የመኪናው ስፋት አለ፣ እማዬም አለች። በቀኝ በኩል የተቀመጠ ሰው ግን ጠርዙ ላይ ነው። አባይ በረሃ ላይ የተቀመጥኩት እዚያው ነበር።

ሁለተኛው የመኪናው ነገር ነው። እኔ ላንድክሩዘር ፈልጌ ነበር። ትልቅ መኪና ይሻላል ብዬ። እሱ አልተስማማም። «ከፍ ያለ መኪና ላይ ስትቀመጪ ቁልቁል የምታዪው ይበዛል። ኮሮላ ዝቅ ያለ ነው፤ የመንገዱን ጠርዝ ታያለሽ እንጂ ገደሉን አታዪም። እስከ ቁልቢ ደሞ አስፋልት ነው» አለኝ። ላንድክሩዘር ቢያከራየኝ ብዙ ብር ያገኝ ነበር። በዚህ አመንኩት።

ሦስተኛው የሰዓት ነገር ነው። ተራራውን በጠዋት፣ ቆላውን ከሰዓት። ማታ ጭራሽ የለም። ለዚህ ሲባል ጭሮ አንድ ሌሊት ማደር አለብን አለ። አሰበ ተፈሪ ማለት ነው፣ የድሮ ስሙን ለምታውቁ። ብዙ ሰው ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአንድ ቀን ቁልቢ ይገባል፣ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን እንደዚያ ሲሆን ከጭሮ በኋላ ያለው ኩርባ ሁሉ የሚመጣው ሹፌሩም ተሳፋሪውም ሲደክማቸው፣ ፀሐይም ልትጠልቅ ስትል ነው።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። ከመሄዳችሁ በፊት ዩቲዩብ ላይ የመንገዱን ቪዲዮ አትዩ። እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ የደንገጎን ሳይ አድሬ ልሰርዘው ነበር። ከላይ በድሮን የተቀረጸውን እናንተ መኪና ውስጥ ሆናችሁ በፍጹም አታዩትም።

ታህሳስ 17 ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳን። እስከ አዳማ የፍጥነት መንገዱ ነው፣ ምንም አይባልም። መተሐራ ላይ ፈንታሌ ተራራ በግራ፣ በሰቃ ሐይቅ ደግሞ መንገዱን ተጠግቶ ይታያል። በ2017 ዓ.ም. ታህሳስ ያ ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥ የነበረው በዚህ አካባቢ ነው፤ እማዬ እስክናልፍ ጸሎቷን አላቋረጠችም። አዋሽ ላይ ምሳ በላን። ሙቀቱ ያቃጥላል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ቅሬታዬ፦ የመኪናው ኤሲ አይሠራም። ቀድሞ አልነገረኝም። እማዬን መሃረብ በውሃ እየነከርኩ አንገቷ ላይ አደረግሁላት። ሁለተኛው ቅሬታ፦ የእኔ የመቀመጫ ቀበቶ አልቆለፍ አለ። ለገደል ፈሪ ሰው ቀበቶ ማለት ከሕይወቱ ጋር የተሳሰረ ነገር ነው። አዋሽ ላይ አስጠግኖት ነው የሄድነው፣ አንድ ሰዓት ፈጀ። እናንተ ከመነሳታችሁ በፊት አራቱንም ቀበቶ ራሳችሁ ቆልፋችሁ እዩ።

ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ወደ ላይ ይታጠፋል። የሹፌሩ ሥራ የታየው ከዚህ ጀምሮ ነው።

ሰውየው እየነዳ ይናገራል። ወሬ አይደለም። የሚመጣውን ነው የሚነግረኝ። «አሁን ሁለት ኩርባ አለ። ሁለተኛው ላይ በቀኝ ትንሽ ክፍት ነው። ከዚያ ዛፍ ነው፣ ከዚያ ሰፈር ነው።» ሁለት ኩርባ አለፈ። ክፍቱ መጣ፣ ሄደ። ዛፉ መጣ። ያለው ሁሉ በተራ ሲመጣ ሰውነቴ አመነው። ለካ እኔን የሚያሠቃየኝ ገደሉ ብቻ አልነበረም። መቼ እንደሚመጣ አለማወቄም ነበር። ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ተቀምጬ ዓይኔን በሁለቱ ወንበሮች መሃል አሻግሬ መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አደርጋለሁ። እሱ «ክፍት» ሲል ትንፋሼን በረጅሙ አወጣለሁ። ማስገባቱን ሳይሆን ማውጣቱን ነው ማስረዘም። ዓይን መጨፈን አይረዳም፤ እኔ ስጨፍን መኪናው የሚንሸራተት ይመስለኛል።

ጭሮ ላይ አደርን። ብርድ ነው፣ ጋቢ ያዙ። ሌላ የምለው የለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ከጭሮ ወደ አርበረከቴ ሲወጣ እማዬ አንድ ዘዴ አመጣች። ነጠላዋን አውልቃ በእሷ በኩል ያለው መስኮት ላይ መስታወቱን ከፍ አድርጋ አጣበቀችው፣ መጋረጃ ሆነ። በጣም ቀለለኝ። ጥግ ጥጉን እያየሁ ነበር የምጨነቀው፣ አሁን የሚታየኝ ነጭ ነው። ግን ሹፌሩ ወዲያው አቆመ። «እማማ፣ አንቺ እንደሱ ስታደርጊ እኔ በዚያ ጎን የሚመጣው አይታየኝም» አላት። እማዬ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ «አንቺ» ስትባል ደንግጣ አየችኝ። የድሬ ልጅ ነው። እዚያ ትልቅ ትንሽ የለም፣ ሁሉም «አንተ» እና «አንቺ» ነው፤ ሲወዱህ ነው እንደሱ የሚሉህ። ቁልቢ ስንደርስ እሷም ለምዳ «አንተ ልጅ» እያለች ቆሎ ታቀብለው ነበር።

ነጠላውን በተመለከተ ተስማማን። መስኮቱን ሙሉ አይሸፍንም፤ የታችኛውን ግማሽ ብቻ። ቁልቁሉ አይታየኝም፣ እሱ ደግሞ ከላይ መንገዱን ያያል። ኩርባ ላይ እማዬ ዝቅ ታደርገዋለች። ይህን ዘዴ የምትሞክሩ ከሆነ ሹፌሩን ሳታስፈቅዱ እንዳታደርጉት።

ከአርበረከቴ እስከ ሂርና፣ ከሂርና እስከ ጨለንቆ ያለውን እንደፈራሁት አላገኘሁትም። አብዛኛው መንገድ በተራራው ትከሻ ላይ የሚሄድ ነው። ግራና ቀኙ የማሽላ ማሳ፣ ጫት፣ ቤት፣ ፍየል የሚነዳ ልጅ። ሰው የሚኖርበት ዳገት አያስፈራኝም። ዓይኔ የሚይዘው ቅርብ ነገር ያገኛል። እርከኑን እቆጥራለሁ። የሚያስፈራኝ ባዶው ነው፤ ከጠርዙ ወዲያ ምንም ሳይኖር ሩቅ ላይ ደብዛዛ ቆላ ሲታይ። እንደዚህ ያለው ቦታ ጥቂት ነው፣ እሱም አንድ በአንድ ነገረኝ። አንዱ ላይ አለቀስኩ። ሹፌሩ ምንም አላለም፤ ፍጥነቱን ቀነሰና «ሠላሳ ሰከንድ ነው» አለ፣ መቁጠር ጀመረ። ሃያ ሁለት ላይ አለፍነው።

መኪና ሲያልፈን አይበሳጭም። አይሱዙ ከኋላ ጡሩምባ ሲነፋበት ሰፊ ቦታ ላይ፣ በተራራው በኩል ይዞ ያሳልፈዋል። በገደሉ በኩል አንድም ጊዜ አልቆመም፤ ለሽንት እንኳ። ማዶው የማይታይ ኩርባ ላይ ሁሌ ጡሩምባ ይነፋል። ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ይወርዳል፣ ሞተሩ ሲያጉረመርም ይሰማል። ያ ድምፅ ለእኔ እንደ ዘፈን ነው። ሞተሩ መኪናውን ሲይዘው ፍሬኑ አይግልም። ሁልጊዜ የሚረገጥ ፍሬን ግን ይግላል፣ ሲግል ደግሞ አይዝም። አባይ በረሃ ላይ የሸተተኝ እሱ ነው። እናንተ ሹፌር ስትመርጡ «ቁልቁለት በምን ማርሽ ነው የምትወርደው?» ብላችሁ ጠይቁ። «እንደ መንገዱ ነው» ብሎ ያብራራ ሰው ጥሩ ነው። «በፍሪ» ያለ ሰው ጋ አትሳፈሩ።

ስለ ጫት በግልጽ ልናገር። ሐረርጌ ነው፣ ሹፌር ሲቅም ማየት ብርቅ አይደለም። ከመነሳታችን በፊት «እየነዳህ እንዳትቅም» ብዬው ነበር፣ ቃል ገባ። መኪና ውስጥ አልቃመም። ጭሮ ያደርን ማታ ግን ቅሟል፣ በጠዋት ዓይኑ አላማረኝም። ነገርኩት። ቡና ጠጥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ አንድ ሰዓት ዘግይተን ተነሳን። አልተቆጣም፤ ይቅርታ ጠየቀኝ። በቀሩት ሌሊቶች አልቃመም። ለእኔ ይህ ከሁሉም ቅሬታ የሚበልጠው ነው፤ ያስተካከለበት መንገድም እንደዚያው ትልቅ ነው።

ቁልቢ ታህሳስ 18 ከምሳ በፊት ገባን። መንገዱ ዳር በእግር የሚመጣው ሕዝብ ብዛት! ጫማ ያወለቀ አለ። ልጅ ያዘለ አለ። ድንጋይ የተሸከመ አለ። እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጬ የፈራሁትን መንገድ ሰው በባዶ እግሩ ይወጣዋል። ሹፌሩ ከእነሱ ኋላ በአንደኛ ማርሽ ነበር የሚሄደው፣ አንድ ጊዜም አላንባረቀም። አንድ የሰፈሩ ሰው ቤት ክፍል ተከራየን፤ እሱም ቀድሞ ደውሎ ያስያዘው ነው። በንግሥ ሰሞን በድንገት ሄዳችሁ ማደሪያ አታገኙም፣ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ነው የሚያድረው።

እማዬ ጥላዋን አስገባች። ራስ መኮንን ከአድዋ ድል በኋላ ይህን ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ፣ በ1898 ዓ.ም. ሕይወታቸው ያለፈውም እዚሁ ቁልቢ መሆኑን እያወራችልኝ ቆምን። እሷ የእህቴን ልጅ ስም ስትጠራ እኔም የራሴን ስለት ተሳልኩ። ምን እንደሆነ አልናገርም።

አሁን ወደ ደንገጎ።

ታህሳስ 20 ወደ ድሬዳዋ መውረድ ነበረብን፣ የእማዬ እህት እዚያ ናት። ደንገጎ ማለት መንገዱ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚለያይበት ቦታ ነው። ወደ ድሬ ያለው ቁራጭ አጭር ነው። ብርድ ላይ ትጀምራላችሁ፣ ሙቀት ውስጥ ትጨርሳላችሁ። መሃሉ ግን ኩርባ በኩርባ ነው። ሹፌሩ ላይ ላይ አቆመና ሻይ አዘዘ። እዚያ ላሉ ሹፌሮች የጫት መኪኖች አልፈው እንደሆነ ጠየቀ። ጫት ቶሎ ይጠወልጋል፣ ስለዚህ የጫት መኪና ይሮጣል፤ እነሱ በሚወርዱበት ሰዓት አንወርድም አለ። አርባ ደቂቃ ጠበቅን።

ከዚያ እንዲህ አለኝ። «ካልቻልሽ አንወርድም። አንቺ እዚህ ሻይ እየጠጣሽ ትጠብቂኛለሽ፣ እማማን አድርሼ እመለሳለሁ። ወይ ወደ ሐረር እንሄዳለን፣ አክስትሽ እዚያ ትመጣለች። ግድ የለም አቦ።»

ይህን ያህል ርቀት ነድቶ፣ ነዳጅና ጊዜ ጨርሶ፣ መውጫ በር ሰጠኝ። ማንም እንዲህ አድርጎልኝ አያውቅም። ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ይለኛል፣ ከዚያ ይነዳል። በሩ ክፍት መሆኑን ሳውቅ ነው መውረድ የቻልኩት። ነጠላው በግማሽ ተሰቀለ። እማዬ እጄን ያዘች። እሱ መናገር ጀመረ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ክፍት፣ ግድግዳ፣ ክፍት፣ ግድግዳ። ሁለት ጊዜ «አቁም» አልኩት፣ ሁለቱንም በግድግዳው በኩል አቆመ። አልቸኮለም። ሁለተኛው ላይ ወርጄ ዓለቱን በእጄ ነካሁት፣ ሞቆ ነበር። ድሬ ስንገባ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቋል።

ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። በመልሱ ደንገጎን ሽቅብ ስንወጣም እጄን አልቦኛል። አቀበት ግን ከቁልቁለት ይሻላል፣ ዓይን የሚያየው ተራራውን ነው። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ የሚወርደውም አስቸግሮኛል። ከሚኤሶ በኋላ ተኛሁ።

ሂሳቡ፦ በቀን 4,500 ብር፣ ለስድስት ቀን 27,000። ነዳጅና የሹፌሩ ማደሪያ በእኛ ነው። ከሌሎቹ ሁለት ሹፌሮች በቀን 700 ብር ይበልጣል። ለኤሲው መቀነስ ነበረበት፤ ስጠይቀው አልቀነሰም፣ ግን ከዚህ ሂሳብ ላይ የድሬዳዋውን ግማሽ ቀን ተወልኝ። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱ ለቀበቶውና ለኤሲው ነው የቀረው። ለገደል ፈሪ ሰው ብቻ ከሆነ የምትጠይቁኝ ግን አምስት ነው።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ሕፃኑን ይዛ ለሐምሌ 19 ንግሥ መሄድ ፈለገችና ደወልኩለት። «ሐምሌ ጉም አለ» አለኝ። «ጉም ገደሉን ይደብቅልሻል፣ ግን መንገዱንም ይደብቅብኛል። ለእኔ ከሆነ ታህሳስን ጠብቁ።» እህቴ ቅር አላት። እኔ ግን ለታህሳስ ቀብድ ልኬያለሁ፣ ከሹፌሩ ኋላ በግራ በኩል።